የሚያውቁት ሰይጣን ዕድሜ

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይላል ያገራችን ሰው። መቼም ይህን ተረት የማይወድ የቢሮ ሠራተኛ አላጋጠመኝም። አዲስ አለቃ ሲሾም፣ አዲስ ቅጽ ሲመጣ፣ በተለይ ደግሞ «ይህ ኮምፒዩተር አርጅቷልና ይለወጥ» ሲባል ቶሎ ብሎ ከአፍ የሚወጣው እሱ ነው። ተቃራኒው ወገንም አለ። አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው፣ ትናንት የወጣውን ዛሬ ካልያዘ ከዓለም ወደ ኋላ የቀረ መስሎ የሚታየው። እነዚህ ሁለት ወገኖች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ስልክ ሲከራከሩ የሰማሁት በ2017 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው።

ወደዚያ ጠረጴዛ የወሰደኝ የኮምፒዩተር ዕውቀት አልነበረም። የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ በየመጽሔቱ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ለሌሎች ድርጅቶች ስልክ የሚቀበል አንድ የጥሪ ማዕከል፣ ለቦርዱ የሚቀርብ ጽሑፍ «ማንም በሚገባው አማርኛ» እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ጥያቄው አንድ ነው። ጥሪዎቹን የሚያዞሩት ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሶፍትዌር ወደ የትኛው ዕትም ይሻሻል?

ነገሩ ሲታይ የቴክኒክ ሰዎች ጉዳይ ይመስላል። እኔም ሁለት ገጽ ጽፌ ሂሳቤን ተቀብዬ የምሄድ መስሎኝ ነበር። ይሁንና ከማዕከሉ ደንበኞች አንዱ የማዋለጃ ክሊኒክ ነው። ሌሊት የሚደወልለት ስልክ መጀመሪያ የሚያልፈው በእነዚሁ ሰርቨሮች ነው። ሚስቱን ምጥ ይዟት ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚደውል ሰው ስለ ዕትም ቁጥር ምንም አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስልኩ ይጠራል ወይስ አይጠራም?

ሶፍትዌሩ አስተሪስክ ይባላል። ዱሮ የስልክ ማዞሪያ ማለት ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የደፋች ቴሌፎኒስት ፊት ለፊቷ ካለው ሰሌዳ ላይ ሽቦ እየነቀለች የምትሰካበት ነበር። ቀጥሎ ያንን ሥራ ቁም ሣጥን የሚያክል መሣሪያ ወሰደው፤ ዋጋውም የትንሽ ድርጅት ኪስ የሚችለው አልነበረም። ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 አንዲት ትንሽ ኩባንያ ሲያቋቁም ማዞሪያ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ስለዚህ ተራ ኮምፒዩተር ማዞሪያ ሆኖ እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ራሱ ጻፈና ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ስሙን የሰጠው በስልክ ቁልፎች ላይ ከዜሮ አጠገብ ባለችው የኮከብ ምልክት ነው፤ በኮምፒዩተር ሰዎች ዘንድ ምልክቷ «ሁሉንም» ማለት ናት። የስፔንሰር ኩባንያ በአላባማ ግዛት በሀንትስቪል ከተማ አድጎ ዲጂየም ተባለ፤ በ2018 ደግሞ ሳንጎማ የተባለ የካናዳ ኩባንያ ገዛው። ፕሮግራሙ ዛሬም በነፃ ነው።

እኛ የመጽሔት ሰዎች ዕትም ስንል አንድ ጊዜ ታትሞ የሚቀር ነገር ማለታችን ነው። ስህተት ቢገኝበት በሚቀጥለው ወር «እርማት» ብለን በትንሽ ሣጥን እናወጣለን፤ ያለፈው ግን እንደነበረ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ አቧራ ከመጠጣት በቀር የሚደርስበት ነገር የለም። የሶፍትዌር ዕትም እንዲህ አይደለም። በሕይወት አለ የሚባለው የሠሩት ሰዎች ቀዳዳውን እየጣፉለት እስከቆዩ ድረስ ነው። አስተሪስክ በየዓመቱ ኦክቶበር ገደማ አዲስ ዕትም ያወጣል። ዕትሞቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አጭር ዕድሜ ያለው አንድ ዓመት ሙሉ ጥገና፣ አንድ ዓመት ደግሞ የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኛ ብቻ ያገኛል። ረጅም ዕድሜ ያለው አራት ዓመት ሙሉ ጥገና ካገኘ በኋላ አንድ ዓመት የደኅንነት ጥገና ይጨመርለታል። 17፣ 19 እና 21 አጫጭሮቹ ሲሆኑ 16፣ 18፣ 20 እና 22 ረጃጅሞቹ ናቸው።

ለቦርዱ ሠንጠረዥ ሳዘጋጅ የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ነው አንድ የሚያስገርም ነገር ያየሁት። 16ኛው ዕትም ጥገናው ያበቃው በኦክቶበር 2023 ነው፤ በእኛ 2016 ዓ.ም.። የ18ኛው ማብቂያ ኦክቶበር 2025፣ በእኛ 2018 ዓ.ም.። የ20ኛው ኦክቶበር 2027፣ በእኛ 2020 ዓ.ም.። የ22ኛው ኦክቶበር 2029፣ በእኛ 2022 ዓ.ም.። አላባማ ያሉት ሰዎች ሳያውቁት፣ ከ16 ወዲህ ያሉት ረጃጅም ዕትሞች ሁሉ ስማቸው በእኛ አቆጣጠር የሚሞቱበት ዓመት ሆኖ ተገኘ። ሠንጠረዡን ለማዕከሉ አንጋፋ ቴክኒሻን ባሳየሁት ጊዜ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«ታዲያ የቀብሩን ቀን ግንባሩ ላይ ጽፈውልን ኖሯል!» አለኝ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። የእሱ ሰርቨሮች 16 ነበሩ። ከሞቱ ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላቸው ነው።

ይህ ሰው ከኮምፒዩተር በፊት በምሰሶ ላይ ሽቦ ሲቀጥል የኖረ ነው። እምነቱ አጭር ነው፤ የሚሠራ ነገር አይነካም። ይህ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ከጀርባው ከባድ ታሪክ አለ፤ ማስረጃ ፍለጋ ሳነብ ያገኘሁትን ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1989 ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የረጅም ርቀት ጥሪ በሚያዞሩት 114 ማዞሪያዎቹ ላይ አዲስ የሶፍትዌር ዕትም ጫነ። የማሻሻያው ዓላማ መልካም ነበር፤ አንድ ማዞሪያ ታሞ ሲነሣ ቶሎ ወደ ሥራው እንዲመለስ ማድረግ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1990 ኒው ዮርክ ያለ አንድ ማዞሪያ ትንሽ እክል ገጠመው። እንደተማረውም ለጎረቤቶቹ «ለጊዜው ጥሪ አትላኩልኝ» አለ፤ ራሱን አጥፍቶ አበራና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ተመለሰ። መመለሱን ሲያሳውቅ ግን መልእክቶቹ ተከታትለው የደረሱት ጎረቤት፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ያለቦታዋ በገባች አንዲት ትእዛዝ የተነሣ ማህደሩ ተምታታበትና እሱም ራሱን አጥፍቶ አበራ። እሱ ሲመለስ ደግሞ የእሱን ጎረቤቶች ጣለ። እንዲህ እያለ 114ቱ ማዞሪያዎች ለዘጠኝ ሰዓት እየተነሡ ሲወድቁ ዋሉ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥሪዎች መንገድ ላይ ቀሩ። አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካው ነበር የታሰበው፤ ነገር ግን ሁሉም አንድ ዕትም ስለነበሩ በሽታቸውም አንድ ሆነ።

ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ፣ በ1991 ጁን መጨረሻ፣ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ስልክ ተቋረጠ፤ ሎስ አንጀለስም፣ ቀጥሎም ፒትስበርግ ተራው ደረሰ። ምንጩ ዲኤስሲ የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ የላከው ማሻሻያ ነበር። የተለወጡት ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆኑ ሙሉው ፈተና አያስፈልገውም ተብሎ ታለፈ። በ«ዲ» ፊደል ቦታ ግን የ6 ቁጥር ተጽፎ ነበር።

አንጋፋው ይህን ስነግረው ዝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «አየህ» ዓይነት ነቅናቃ ነው።

ታዲያ ከእሱ ጎን የምትሠራ ወጣት አለች፤ ኮምፒዩተር ተምራ የመጣች፣ «ጋሼ» የምትለው። እሷ ከአለቆቹ ጋር ሆና «የመጨረሻውን እንጫን» ትላለች። አለቆቹ ይህን የሚሉት የመጨረሻው ስለሆነ ብቻ ነው። የእሷ ምክንያት ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ፣ ያልተነካ ነገር ባለበት የሚቆይ ይመስልዎታል» አለችው አንድ ቀን። «እኛ ባንነካውም የሚነካው አለ እኮ።»

እውነቷን ነው። የሞተ ዕትም ላይ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍነው የለም፤ ሌባ ግን ያውቀዋል። በተሰበረ ማዞሪያ ገብተው ሌሊቱን ወደ ሩቅ አገር እየደወሉ ሂሳቡን ለባለቤቱ የሚያስታቅፉ ወንበዴዎች በዓለም ዙሪያ የታወቁ ናቸው። ሌባ ባይመጣ እንኳ ጊዜ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 አንድ ሌሊት፣ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኝ የአደጋ ጥሪዎችን የሚያከፋፍል ሥርዓት ቆመ። ማንም አልነካውም፤ አዲስ ዕትምም አልተጫነበትም። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ጥሪ ተራ ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ለቁጥሩ 40 ሚሊዮን የሚል ጣሪያ አበጅቶለታል። ያን ሌሊት ቁጥሩ ጣሪያውን ነካና ማደሉን አቆመ። እስከ ስድስት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ በሰባት ግዛቶች 11 ሚሊዮን ሰው የሚደውልበት 911 ተጓደለ፤ ከ6,600 በላይ ጥሪዎች ሳይደርሱ ቀሩ። በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ሴት ሌባ ቤቷን ሰብሮ ሲገባባት ቢያንስ 37 ጊዜ ደውላ ማንም አላነሣላትም።

37 ጊዜ የሚለውን ካነበብኩ በኋላ ነው ሥራው የሁለት ገጽ ሥራ አለመሆኑ የገባኝ። የ1990ው ታሪክ አዲሱን መፍራት ያስተምራል፤ የ2014ቱ አሮጌውን ማመን ያስቀራል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናያቸው «አዲስ ወይስ አሮጌ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ውሃ አያነሣም። የሚያውቁት ሰይጣንም ዕድሜ አለው። ሊጠየቅ የሚገባው ይመስለኛል፦ ይህን ነገር ነገ የሚጠግንልን ማነው? እስከ መቼስ ይጠግንልናል? እኛስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሳንቸኩል መዘጋጀት እንችላለን?

በዚህ ሚዛን ሲታይ ምርጫው ቶሎ ጠበበ። 21 ዕድሜው አጭር ነው፤ ወጣ። 18 በቀሩት ስምንት ወራት ሊሞት ቀጠሮ የያዘ ነው፤ ደክሞ ሄዶ ቀብር ላይ መድረስ ይሆናል፤ ወጣ። የቀሩት 20 እና 22 ናቸው። እዚህ ላይ ነው ጠቡ የጀመረው።

ስልክና ሰርቨር የሚግባቡበት ቋንቋ ሲፕ ይባላል። በአስተሪስክ ውስጥ ይህን ቋንቋ የሚናገር አሮጌ ክፍል አለ፤ ባለሙያዎቹ ቻን ሲፕ ይሉታል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፒጄሲፕ የሚባል አዲስ ክፍል ተጨመረለት። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ጎን ለጎን ኖሩ፤ ከዚያ በ21ኛው ዕትም አሮጌው ተነቅሎ ወጣ። እንግዲህ 20 ላይ ቻን ሲፕ ገና አለ፤ 22 ላይ የለም። የማዕከሉ ከመቶ በላይ ስልኮች በሙሉ የተመዘገቡት በአሮጌው ነው። በአሮጌው የአንድ ስልክ ስም፣ የምስጢር ቃልና አድራሻ ባንድ አንቀጽ ይጻፋል። በአዲሱ በሦስት ተከፍሎ ይጻፋል፤ ማን እንደሆነ፣ በምን ማንነቱን እንደሚያረጋግጥ፣ የት እንደሚገኝ። የሚተረጉም መሣሪያ ከአስተሪስክ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሆኖም ትርጉም የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር መታየት አለበት።

«20ን እንጫን» አለ አንጋፋው። «ስልኮቹን ሳንነካ እናልፋለን። እስከ 2020 ያኖረናል።»

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ብድር ነው። ትርጉሙ አይቀርልን። ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ቆይቶ ከነወለዱ ይመጣል።»

«ብድር ምን ነውር አለው ልጄ? ቤት የሚሠራው በብድር አይደል?»

እዚህ ላይ እሷ መልስ አጣች፤ እኔም ለማን እንደምፈርድ ቸገረኝ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። 22 ላይ መዝለል ማለት ዕትሙንም የስልኮቹንም አመዘጋገብ ባንድ ሌሊት መለወጥ ነው፤ ጠዋት አንድ ነገር ቢበላሽ ከሁለቱ የትኛው እንዳበላሸው አይታወቅም። 20 ላይ መቆም ደግሞ ሥራውን ለነገ ማሳደር ነው፤ የነገን ነገር እናውቀዋለን።

መፍትሔው የመጣው ከወዲያኛው ወገን ነው፤ «አይነካም» ከሚለው ሰው። ከቡና በኋላ ይመስለኛል፣ ድንገት፦ «አሁን ባለን በ16ቱ ላይ ፒጄሲፕ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«አለ።»

«ሁለቱ አብረው ይሠራሉ?»

«በተለያየ በር ካስገባናቸው ይሠራሉ።»

«በይ እንግዲያው ቤት ከመቀየራችን በፊት ዕቃውን እዚሁ እንሰር። ሰው ቤት የሚለቅበት ቀን ዕለት አይደለም አልጋ የሚፈታው።»

የቦርዱ ጽሑፍ ዋና አሳብ ይኸው ሆነ። ሁለት ለውጥ ባንድ ቀን አይደረግም። መጀመሪያ በሚያውቁት በአሮጌው ቤት ውስጥ ስልኮቹን አምስት አምስቱን እያደረጉ ወደ አዲሱ አመዘጋገብ ማዛወር፤ ያ ሲያልቅና ሳምንታት ሲሠራ፣ በሌላ ማሽን ላይ 22ን ጭኖ መሞከር፤ ከዚያ ጥሪዎቹን ወደዚያ ማዞር። አሮጌው ማሽን እንደበራ ይቆያል፤ መመለሻ መንገድ ነውና። በምን ምልክት እንደሚመለሱም አስቀድሞ በወረቀት ይጻፋል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው «ትንሽ እንታገሥ» ማለቱ አይቀርምና።

ቦርዱ ፊት አንድ ሰው ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። «ሶፍትዌሩ በነፃ ነው ብላችኋል። ታዲያ ገንዘቡ ለምንድን ነው?» መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ነበር፤ ገንዘቡ ለሁለተኛው ማሽን፣ ለአዳሪ ሠራተኞችና ለጊዜ ነው። ነፃ የሆነው ዕትሙ ነው፤ ጥንቃቄው አይደለም።

ሥራው ሲጀመር አምስት አምስት ማለቱ ወዲያው ራሱን አስመሰገነ። በሦስተኛው ቀን የተዛወሩ ስልኮች ያነጋግራሉ፤ ግን ድምፅ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ደዋዩ ይሰማል፣ እሱን ግን የሚሰማው የለም። ስልኮቹን በደቂቃ ውስጥ ወደ አሮጌው መልሰው፣ በማግሥቱ ስህተቱ የአድራሻ አጻጻፍ መሆኑን አግኝተው አረሙት። መቶው ባንድ ሌሊት ተዛውሮ ቢሆን ማለዳው ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያቅትም።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ነገር ልቤን ነካኝ። አስተሪስክን ለማቆም ከሚሰጡት ትእዛዞች ሦስቱን ወጣቷ አሳየችኝ። አንዱ «አሁኑኑ አቁም» ነው፤ የሚናገረውን ሰው አፉ ላይ ይቆርጠዋል። ሁለተኛው «በወጉ አቁም» ይላል፤ አዲስ ጥሪ አይቀበልም፣ የተጀመረው ግን እስኪያልቅ ይጠብቃል። ሦስተኛው «ሲመች አቁም» ነው፤ አዲስም ይቀበላል፣ የሚነጋገር ሰው ጨርሶ የሌለባትን ቅጽበት ጠብቆ ያን ጊዜ ያቆማል። ይህን የጻፈ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ስልክ ከወዲያ ማዶ ሰው እንዳለበት የሚያውቅ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

ችግሩ የማን መመቸት ነው የሚለው ነው። ለቴክኒሻኖቹ የሚመቸው እሁድ ሊነጋጋ ሲል ነበር። የጥሪውን መዝገብ ሲያዩ ግን ሌሎቹ መስመሮች ያን ጊዜ ዝም ቢሉም የክሊኒኩ መስመር የሚያርፍበት ሰዓት የለውም። ልጅ ሰዓት መርጦ አይወለድም። ስለዚህ «ሲመች» ለእሱ አይሠራም ተብሎ፣ ያን ሌሊት የክሊኒኩ ጥሪ በቀጥታ ወደ ተረኛዋ አዋላጅ የእጅ ስልክ እንዲሄድ ተደረገ፤ መስመሩም ከሁሉ በኋላ፣ ሌሎቹ አንድ ሳምንት ከሠሩ በኋላ ተዛወረ። አንጋፋው በዚያ ሌሊት በየሩብ ሰዓቱ ከራሱ ስልክ ወደ ክሊኒኩ እየደወለ «ለሙከራ ነው፣ ይቅርታ እህቴ» ይል ነበር። አራተኛው ላይ አዋላጇ «ጋሼ፣ እርስዎ ካልተኙ እኔም አልተኛም ማለት ነው» አለችው።

ማንም አላወቀም። ለውጡ መካሄዱን ያወቀ አንድም ደዋይ አልነበረም፤ የዚህ ዓይነት ሥራ ሽልማቱም ይኸው ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የ1990ው ዓይነት ነው፤ በደኅና ያለፈ ሌሊት ዜና አይሆንም።

አሁን በሰርቨሩ ክፍል በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። አንጋፋው በትልቁ «22 — ጥቅምት 2022» ብሎ ጽፎበታል። ያን ጊዜ እሱ ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። ከሥሩ ወጣቷ በእርሳስ «በ2021 እንጀምር» ብላ ጨምራለች።